28 አሸንፎ የቀረው ቡድን፦ ኢንዲያና ስቴት ለምን መግባት ነበረበት

ማርች ሲገባ በየመስሪያ ቤቱ ያ ወረቀት ይዞራል፣ ብራኬቱን ማለቴ ነው፣ ለአሜሪካ የኮሌጅ ባስኬትቦል ቶርናመንት 68 ቡድን ተደርድሮ ማን ማንን ያሸንፋል እያልክ የምትሞላው። ሰው ሁሉ የሚያየው ወረቀቱ ላይ ያሉትን ነው። እኔ ግን ከ2024 ወዲህ መጀመሪያ የማስበው ስለሌሉት ነው። በዛ አመት 28 ጨዋታ አሸንፎ 6 ብቻ የተሸነፈ፣ የኮንፈረንሱን፣ ማለትም የሚወዳደርበትን የኮሌጆች ሊግ፣ የመደበኛ ሲዝን ብቻውን አንደኛ ሆኖ የጨረሰ፣ ኮሌጆቹ ራሳቸው በሚጠቀሙበት ደረጃ ሀገር ውስጥ ካሉ ከ360 በላይ ቡድኖች መሀል ከመጀመሪያዎቹ 30 ውስጥ የነበረ ቡድን ቀረ። ኢንዲያና ስቴት ይባላል። ባስኬትቦል የማይከታተሉ ወዳጆቼ "28 አሸንፎ እንዴት ይቀራል፣ ምን አጥፍቶ ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ በሁለት አረፍተ ነገር ልመልስላቸው እሞክርና ያቅተኛል፣ ምክንያቱም አመራረጡ ራሱ ውስብስብ ነው። ስለዚ ዛሬ ከስሩ ጀምሬ ላስረዳችሁ፣ አቋሜንም ከአሁኑ ልናገር፣ ይሄ ቡድን መግባት ነበረበት።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ታዋቂው ቀይና ነጭ ለባሹ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነው። ኢንዲያና ስቴት ያለው ቴሬ ሆት የምትባል ከተማ ነው፣ ከኢሊኖይ ድንበር ብዙም አትርቅም። ስሙን የምታውቁት ካለ በላሪ በርድ ምክንያት ነው የሚሆነው። በ1979 በርድ ይዟቸው 33 ጨዋታ ሳይሸነፉ ፍፃሜ ደረሱና በማጂክ ጆንሰን ሚሺጋን ስቴት 75 ለ 64 ተሸነፉ። ከዛ በኋላ ረጅም ዝምታ ነው፣ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ፣ 2011 ላይ ቶርናመንቱ ገብተው ነበር፣ ከዛ ወዲህ የለም። በ2021 ጆሽ ሸርትዝ የሚባል አሰልጣኝ ዝቅ ካለው እርከን ከዲቪዥን 2 መጣ፣ ሊንከን ሜሞሪያል ከምትባል ትንሽ ኮሌጅ፣ የመጀመሪያ አመቱ 11 አሸንፎ 20 ተሸነፈ። በሶስተኛው አመት ግን ያ ቡድን ለማየት የሚያስደስት ሆነ። አምስቱም ተጫዋች ከሩቅ ይተኩሳል፣ አምስቱም ኳስ ያቀብላል። መሀል ላይ ሮቢ አቪላ አለ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ አካባቢ፣ ትልቅ የስፖርት መነፅር አድርጎ የሚጫወት፣ ሲሮጥ ቀርፋፋ የሚመስል ግን ጭንቅላቱ ከሁሉም የሚቀድም ልጅ፣ በጨዋታ ከ17 ነጥብ በላይ ያስቆጥር ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ጋዜጠኞች በየሳምንቱ የሚመርጡት የኤፒ 25 ውስጥ 23ኛ ሆነው ገቡ፣ ከበርድ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። የከተማውን ሰው ደስታ አስቡት።

አሁን ወደ አገባቡ። 68 ቡድን ይገባል ብያለሁ። በ2024 ከነዚህ 32ቱ በቀጥታ ነው የገቡት። 32 ኮንፈረንስ አለ፣ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ በማርች የራሱን አጭር ቶርናመንት ያደርጋል፣ ያንን ያሸነፈ ማንም አይከለክለውም። የቀሩት 36 ቦታዎች አት ላርጅ ይባላሉ፣ እነሱን የሚሰጠው ኮሚቴ ነው። 12 ሰው ነው ኮሚቴው፣ የኮንፈረንስ ኮሚሽነሮችና የየዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተሮች ናቸው፣ የራስህ ትምህርት ቤት ወይም ኮንፈረንስ ሲነሳ ከክፍሉ ትወጣለህ። ሰዎቹን በሌብነት የሚከስ ሰው አጋጥሞኛል፣ እኔ አልስማማም፣ የኔ ጥያቄ ሚዛኑ ላይ ነው።

የትልልቆቹ ኮንፈረንስ ቡድን፣ ለምሳሌ የኤስኢሲ ወይም የቢግ 12፣ ኮንፈረንሱን ማሸነፍ አይጠበቅበትም። በ2024 ከነዚህ ከሁለቱ ብቻ ስምንት ስምንት ቡድን ገብቷል። አራተኛም ሆንክ ስድስተኛ መንገድ አለህ። ኢንዲያና ስቴት ያለበት ሚዙሪ ቫሊ ግን ያገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቫሊዎች ቶርናመንታቸውን ሴንት ሉዊስ ላይ ነው የሚያደርጉት፣ ማርች 10 ቀን ፍፃሜው ላይ ኢንዲያና ስቴት ከድሬክ ተገናኝቶ 84 ለ 80 ተሸነፈ። አራት ነጥብ። ድሬክ በቀጥታ ገባ፣ ኢንዲያና ስቴት ደግሞ ሄዶ አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው ጨዋታ ማየት ጀመረ። እዛ ቦታ ላይ ያለ ቡድን በብል ላይ ነው ይባላል፣ የሳሙና አረፋ እንደማለት፣ ይቆይ ይፈንዳ በእጅህ አይደለም።

አሁን ሚዛኑ። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ኔት የሚባል ደረጃ አለ፣ ድሮ አርፒአይ የሚሉትን የተካ ነው። ኔት ሁለት ነገር ያያል፣ ማንን የት አሸነፍክ የሚለውን እና በእያንዳንዱ ኳስ ስንት ታስቆጥራለህ ስንት ይቆጠርብሃል የሚለውን። በዚህ ደረጃ ኢንዲያና ስቴት ከ30 ውስጥ ነበር ብያችኋለሁ። ታዲያ 36 ቦታ ለምርጫ ክፍት ሆኖ ከ30 ውስጥ ያለ ቡድን እንዴት ይቀራል? ኮሚቴው "ኔት የምንጠቀምበት ተጋጣሚን ለመለካት ነው፣ ቡድኑን ራሱን ለመምረጥ አይደለም" ነው የሚለው አሰራሩ። በኔት የተሰራ ኳድ የሚሉት ነገር አለ፣ ዋናው ጣጣ ያለው እሱ ላይ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ጨዋታዎችህ በሙሉ በአራት ቅርጫት ይከፈላሉ። ኳድ 1 ከባድ የሚባለው ነው። በሜዳህ ከሆነ የተጫወትከው ተጋጣሚህ በኔት ከ1 እስከ 30 ያለ መሆን አለበት፣ ገለልተኛ ሜዳ ላይ ከሆነ እስከ 50ኛ ያለ፣ ከሜዳህ ውጪ ከሆነ እስከ 75ኛ ያለ። ኳድ 2 ቀጥሎ ያለው ነው፣ በሜዳህ ከ31 እስከ 75፣ ገለልተኛ ላይ ከ51 እስከ 100፣ ከሜዳህ ውጪ ከ76 እስከ 135። ኳድ 3ም እንዲሁ እየሰፋ ይሄዳል፣ ኳድ 4 የቀረው ሁሉ ነው። ሀሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ሰው ሜዳ ሄዶ ማሸነፍ እንደሚከብድ ኳስ የሚያይ ሁሉ ያውቃል። ችግሩ ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ወረቀት ላይ ትልቁ ቁጥር "ኳድ 1 ላይ ስንት አሸነፈ" የሚለው መሆኑ ነው። ስንት እድል አገኘ የሚለው ግን በትንሹ ነው የሚነበበው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ድሬክ በዛ አመት እንደ ኢንዲያና ስቴት 28 ለ 6 ነበር፣ 10ኛ ሲድ (ኮሚቴው ለገቡት ቡድኖች የሚሰጠው ደረጃ) ተሰጥቶት ገብቷል፣ ማለትም ኮሚቴው ራሱ ጥሩ ቡድን ነው ያለው ነው። ኢንዲያና ስቴት ይሄን ድሬክ በፌብሩዋሪ በሜዳው አሸንፎታል። ኳድ 1 ሆነለት? አልሆነለትም። ድሬክ ከ30 ውጪ ስለነበረ በሜዳህ ካሸነፍከው ኳድ 2 ነው። የቢግ 12 ቡድን ግን ሲዝኑን በሙሉ በየሳምንቱ ከ30 ውስጥ ያሉ ቡድኖች ሜዳው ድረስ ይመጡለታል፣ ከሜዳው ውጪ የሚሄድበት ሁሉ ከ75 ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፣ አስር አስራ ሁለት የኳድ 1 እድል ያገኛል፣ አራቱን አሸንፎ ስምንቱን ቢሸነፍ "አራት ትልቅ ድል አለው" ይባላል። እኛ ሀገር ማትሪክ ስንፈተን ለአንዱ ተማሪ 15 ጥያቄ ለሌላው 5 ጥያቄ ሰጥተው ትክክል የመለሱትን ብቻ ቆጥረው ዩኒቨርሲቲ ቢያስገቡ ምን እንል ነበር?

እዚህ ላይ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ኢንዲያና ስቴት ካገኛቸው አምስት የኳድ 1 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንድ ነው። አንድ ለአራት ጥሩ አይደለም፣ የሚያምር ቁጥር ነው ብዬ ላሳምናችሁ አልሞክርም። ግን ሽንፈቶቹን አንድ በአንድ እዩዋቸው። አላባማ ሜዳ ሄደው ተሸንፈዋል፣ አላባማ በዛ አመት ፋይናል ፎር፣ የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ፣ የገባ ነው። ሚሺጋን ስቴት ሜዳ ሄደው ተሸንፈዋል፣ እነሱም የገቡ ናቸው። ድሬክ ሜዳ ተሸንፈዋል፣ ከዛ ሴንት ሉዊስ ላይ በአራት ነጥብ። ስድስት ሽንፈት ውስጥ አራቱ ቶርናመንት በገቡ ቡድኖች ነው፣ አንዱም በኢንዲያና ስቴት ሜዳ አይደለም። በእውነት የጎዷቸው ሁለቱ ሌሎች ናቸው፣ ኤፒ ውስጥ በገቡበት ሳምንት በሜዳቸው በኢሊኖይ ስቴት ተሸነፉ፣ ቀጥለው ሰዘርን ኢሊኖይ ሄደው ተሸነፉ። በዛች አንድ ሳምንት ነው ስንት ወር የሰሩት የተናደው። የትልቅ ኮንፈረንስ ቡድን እንዲህ ያለ ሳምንት ቢያጋጥመው በሚቀጥለው ሳምንት 15ኛ ያለን ቡድን አሸንፎ ያስረሳዋል። ቫሊ ውስጥ የሚያስረሳ ጨዋታ የለም፣ ከዛ በኋላ ብታሸንፍ ማሸነፍ ነበረብህ ይሉሃል፣ ብትሸነፍ ደግሞ አለቀልህ።

"ታዲያ ለምን ከትልልቆቹ ጋር ብዙ ጨዋታ አይዙም?" የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን መልሱን የማያውቅ ሰው ትንንሾቹ ፈርተው ይመስለዋል። የኖቬምበርና የዲሴምበር ጨዋታዎችን ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ተደዋውለው ነው የሚይዙት። አንድ ትልቅ ቡድን ትንሽ ቡድን ሲጋብዝ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ ነው፣ ና ሜዳዬ ላይ ተጫወት፣ ይሄን ያህል ብር ውሰድና ሂድ፣ እኔ አልመጣልህም። ለነሱ ጥቅሙ የተረጋገጠ ድል ነው። ስለዚ ማንን ይጋብዛሉ? የሚያሸንፉትን ነዋ። አቪላን የመሰለ ሴንተር ያለው፣ አምስቱም ሶስት ነጥብ የሚተኩስ ቡድን የትኛው ትልቅ አሰልጣኝ ነው ገንዘብ ከፍሎ ሜዳው የሚያስገባው? ቢያሸንፍ ምንም አያገኝም፣ ቢሸነፍ አሰልጣኙ ስራው ላይ ነው ወሬው የሚነሳው። ስለዚ ደካማ ሳለህ ትጋበዛለህ፣ ስትጠነክር ስልክህን የሚያነሳ ይጠፋል። ከዛ ማርች ላይ "ማንን አሸነፍክ?" ይሉሃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ሌላውን ሁሉ መቀበል እችላለሁ።

ደግሞ የታዘዘውን ሁሉ አድርጎ የቀረም አለ። ሞንማውዝ የሚባል ኒው ጀርዚ ያለ ትምህርት ቤት በ2015 መጨረሻ ዩሲኤልኤን ሎስ አንጀለስ ሄዶ አሸነፈ፣ ኖትር ዳምን አሸነፈ፣ ዩኤስሲን አሸነፈ፣ ጆርጅታውንን እዚሁ ዲሲ ቻይናታውን ያለው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አሸነፈ። 27 ለ 7 ሆነው የኮንፈረንሳቸውን ፍፃሜ በሶስት ነጥብ ተሸነፉና ቀሩ። ለሞንማውዝ የተሰጠው ምክንያት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ትልልቆቹን አሸንፋችኋል፣ ግን በደካማ ቡድኖች ተሸንፋችኋል። እነዛ ደካማ ቡድኖች እኮ የኮንፈረንሳቸው ናቸው፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ በአውቶቡስ ተጉዘው በሰው ሜዳ የሚገጥሟቸው፣ አልጫወትም ማለት የማይችሉት።

ያንን የቻይናታውን አዳራሽ ያዙልኝ፣ የዲሲ አካባቢ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ካፒታል ዋን አሬና ነው አሁን ስሙ፣ በፊት ቬራይዘን ሴንተር ይባል ነበር። ይሄ ታሪክ ተመልሶ ተመልሶ እዛ ይገባል።

በ2006 ጆርጅ ሜሰን፣ ይሄ ፌርፋክስ ያለው፣ ስንት የሀበሻ ልጅ የተማረበትና አሁንም የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ የኮንፈረንሱን ቶርናመንት ግማሽ ፍፃሜ ላይ ተሸንፎ በኮሚቴ ምርጫ ገባ፣ 11ኛ ሲድ ሆኖ። ቴሌቪዥን ላይ የነበሩት ተንታኞች አይገባውም ብለው ተቃወሙ። ክርክራቸው ዛሬ ኢንዲያና ስቴት ላይ የሚነሳው ነው፣ ማንን አሸነፉ፣ ኮንፈረንሳቸው ትንሽ ነው። ሜሰን ሚሺጋን ስቴትን አሸነፈ፣ ቀጥሎ የአምናውን ሻምፒዮን ኖርዝ ካሮላይናን፣ ቀጥሎ ዊቺታ ስቴትን፣ ከዛ እዛው ቻይናታውን አዳራሽ ውስጥ አንደኛ ሲድ የነበረውን ዩኮንን በጭማሪ ሰዓት 86 ለ 84 አሸንፎ ፋይናል ፎር ገባ። በ2011 ደግሞ ሪችመንድ ያለው ቪሲዩ ከዛው ኮንፈረንስ በምርጫ ገባ፣ ያኔም ጩኸት ነበር፣ ከመጀመሪያው የዴይተን ማጣሪያ ተነስቶ ካንሳስን ጥሎ ፋይናል ፎር ደረሰ። ሁለቱም የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ናቸው፣ እኔም ሰሜን ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ለዚህ ነገር ልቤ የሚደማው አንዱ ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ትንሽ ቡድን እድል ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ ሰፈራችን ላይ አይተናል።

እነዚህ ሁለቱ ስላሸነፉ ብቻ ሁሉም ትንሽ ቡድን ያሸንፋል እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹ አንድ ጨዋታ ተጫውተው ይመለሳሉ። ግን ከትልቅ ኮንፈረንስ የሚገባው ሰባተኛና ስምንተኛ ቡድንም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ ነው የሚመለሰው። ልዩነቱ የአንዱን አቅም ሲዝኑን ሙሉ በደንብ አይተነዋል፣ ከከባዶቹ ጋር ግማሹን እንኳ ማሸነፍ እንዳልቻለ በ12 ጨዋታ ተረጋግጧል። የሌላውን ግን በቅጡ አልፈተንነውም። በአምስት ጨዋታ ሰው አይፈረድም፣ በተለይ ከአምስቱ አንዱም በሜዳው ካልሆነ፣ ኔቱ ደግሞ ከ30 ውስጥ ነው እያለህ።

ኔት ላይ የሚነሳውን ትችትም ላንሳ። ደካማ ቡድንን በ30 ነጥብ እያሸነፍክ ቁጥርህን ማሳበጥ ትችላለህ ይላሉ። እውነትነት አለው፣ ኳስ በኳስ ስንት አስቆጠርክ የሚለው ስሌት ውስጥ የሰፋ ድል ይጠቅማል። ግን ያው ያበጠ ቁጥር ነው የትልልቆቹንም ተጋጣሚ ኳድ 1 የሚያደርገው። ሚዛኑ ጎረቤትህን ሲመዝን የሚታመን አንተን ሲመዝን የማይታመን ከሆነ ለሰሚው ግራ ነው።

ወደ 2024 ማርች እንመለስ። ቫሊው ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚጨርስ ኢንዲያና ስቴት ሳምንቱን ሙሉ መጠበቅ ነበረበት ብያለሁ። በዛ ሳምንት ቢድ ስቲለር የሚሏቸው መጡ፣ የቦታ ሌባ እንደማለት ነው፣ ማንም ያልጠበቃቸው ቡድኖች የኮንፈረንሳቸውን ዋንጫ ሲወስዱ ከ36ቱ ቦታ አንዱ አንዱ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ዋንጫውን ያጣው ጠንካራ ቡድን በምርጫ በኩል መግባቱ አይቀርም። የፓክ 12ን ዋንጫ ኦሪገን ወሰደ፣ የአትላንቲክ 10ን ዱኬይን፣ የአሜሪካን ኮንፈረንስን ዩኤቢ፣ የማውንቴን ዌስትን ኒው ሜክሲኮ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ነው፣ በኤሲሲ ቶርናመንት 10ኛ ሆኖ ገብቶ በአምስት ቀን አምስት ጨዋታ አሸነፈ። ቶርናመንቱ የት ነበር? ዲሲ፣ ያው ቻይናታውን አዳራሽ። ግማሽ ፍፃሜው ላይ ከቨርጂኒያ ጋር ሲጫወቱ በሶስት ነጥብ እየተመሩ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ማይክል ኦኮነል ከሩቅ ወረወራት፣ ቦርዱን መትታ ገባች፣ ጭማሪ ሰዓት ሄዱና 73 ለ 65 አሸነፉ። ያቺ ኳስ ብትስት ኖሮ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት እዛው ያልቅለት ነበር፣ ለሚጠባበቁት ሁሉ አንድ ቦታ ትተርፍ ነበር። ቦታዋን ኢንዲያና ስቴት ያገኝ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ግን ቴሬ ሆት ቁጭ ብለው ያቺን ኳስ ያዩ ልጆች ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። ኖርዝ ካሮላይና ስቴትን መውቀስም አይቻልም፣ ቦታውን በእጃቸው ነው የወሰዱት፣ በኋላም ፋይናል ፎር ድረስ ሄደዋል።

ማርች 17 ስሞቹ ተነበቡ። መጨረሻ ላይ ከገቡት አንዱ ቨርጂኒያ ነው፣ ኢንዲያና ስቴት ደግሞ ከበሩ ውጪ ከቀሩት የመጀመሪያዎቹ አራት ውስጥ ሆነ፣ ከኦክላሆማ፣ ከሲቶን ሆልና ከፒትስበርግ ጋር። የቨርጂኒያን ጎን ልናገር፣ 23 አሸንፈዋል፣ ኤሲሲ ውስጥ ሶስተኛ ነበሩ፣ ባዶ ቡድን አልነበረም። ግን በኔት ከ50ኛ ኋላ ነበሩ፣ ሲዝኑ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ደግሞ ኳስ ማስገባት ከብዷቸው ነበር። ማርች 19 ዴይተን ላይ ከኮሎራዶ ስቴት ጋር ተጫወቱ። ከእረፍት በፊት ያስቆጠሩት 14 ነጥብ ነው። 67 ለ 42 ተሸነፉ። አንድ ጨዋታ ማስረጃ አይሆንም፣ አውቃለሁ፣ ግን ሰው ሲዝኑን ሙሉ ሲለው የነበረውን ነገር ነው ያ ጨዋታ ያሳየው።

ይሄ ጉዳይ የስም ብቻም አይደለም፣ ገንዘብ አለበት። ቶርናመንቱ ውስጥ የምትጫወተው እያንዳንዱ ጨዋታ፣ ከፍፃሜው በቀር፣ ዩኒት የሚባል ክፍያ ለኮንፈረንስህ ያመጣል፣ በስድስት አመት ተከፋፍሎ የሚከፈል፣ ባጠቃላይ ወደ 2 ሚሊየን ዶላር የሚጠጋ። ለኤሲሲ ይሄ ትንሽ ብር ነው። ለሚዙሪ ቫሊ ግን አንድ ተጨማሪ ቡድን መግባቱ ለስድስት አመት ሁሉም አባል ትምህርት ቤት የሚካፈለው ነገር ነው፣ የአሰልጣኝ ደሞዝ ነው፣ የጉዞ ወጪ ነው። ያ ብር ሲቀር ትልቁ ይበልጥ ይተልቃል፣ ትንሹ ባለበት ይቀራል፣ በሚቀጥለው አመት ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ይበልጥ ቀሎ ይገኛል።

ምን ቢደረግ ይሻላል ለሚለው እኔ አንድ ነገር ነው ተስፋ የምጥልበት። ከ2024-25 ሲዝን ጀምሮ ኮሚቴው ፊት በሚቀርበው ወረቀት ላይ ዋብ የሚባል ቁጥር ተጨምሯል፣ ዊንስ አባቭ በብል ማለት ነው። የሚጠይቀው ጥያቄ ግልፅ ነው፣ በብል ላይ ያለ አንድ ተራ ቡድን ያንተን ጨዋታዎች በሙሉ፣ ያንተን ተጋጣሚዎች፣ በተጫወትክበት ሜዳ ቢጫወት ስንት ያሸንፍ ነበር? አንተ ከዛ ስንት አለፍክ ወይ ጎደልክ? ቫሊ ውስጥ ከሜዳ ውጪ ማሸነፍ ቀላል ከሆነ ቁጥሩ ራሱ ትንሽ ነው የሚሰጥህ፣ ከባድ ከሆነ ብዙ። የአምስትና የአስራ አምስት ጥያቄው ነገር ይስተካከላል፣ ምክንያቱም ያገኘኸው እድልም ይቆጠራል። እኔ የምለው ከኳዱ በፊት ይሄ ይነበብ ነው። ወረቀቱ ላይ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ አይን የሚያርፍበት መሆኑ ሌላ።

ኢንዲያና ስቴት ከዛ ምን ሆነ? የቀሩት ቡድኖች የሚጫወቱበት ኤንአይቲ የሚባል ቶርናመንት አለ። ኦክላሆማና ፒትስበርግ አንጫወትም አሉ። ኢንዲያና ስቴት ግን እሺ አለ፣ ሜዳቸው ሀልማን ሴንተር ሞላ፣ ኤስኤምዩን 101 ለ 92 አሸነፉ፣ ከዛ ሚኒሶታን፣ ከዛ ሲንሲናቲን፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ዩታን 100 ለ 90። አስተውሉ፣ ሚኒሶታ ቢግ 10 ነው፣ ሲንሲናቲ ቢግ 12፣ ዩታ ያኔ ፓክ 12 ነበር። ሲዝኑን ሙሉ እንደልብ ማግኘት ያልቻሉትን አይነት ጨዋታ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሶስቴ አገኙ፣ ሶስቱንም አሸነፉ። ፍፃሜው ላይ የገጠሙት ሲቶን ሆልን ነው፣ እንደነሱ ከበሩ የተመለሰውን የቢግ ኢስት ቡድን፣ 79 ለ 77 ተሸነፉ። 32 ለ 7።

ከዚያ ቡድኑ ተበተነ። ሸርትዝ ወደ ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ አቪላና አይዛያ ስዎፕ ተከተሉት። ራያን ኮንዌል ዜቪየር ገባ፣ ጁሊያን ላሪና ጄሰን ኬንት ቴክሳስ ሄዱ። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ቡድኑ ቶርናመንት ለመግባት አይበቃም በተባለ በወራት ውስጥ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ወሰዷቸው። ከቴሬ ሆት የመጀመሪያው ማጣሪያ እስከሚደረግበት ዴይተን በኢንተርስቴት 70 ወደ ሶስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ገብተው ቢሆን ኖሮ ሙሉ ከተማው በመኪና ይሄድላቸው ነበር።